የኦኬሎ አያት ማን ናቸው?

«ይሄ ሰውዬ አንተ አይደለህም!» አለው የግብር ቢሮው ሠራተኛ አቶ ካሣዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ።

ኦኬሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ አቶ ካሣዬ ዞርኩ...

«እንዴት አይደለም? የግብር ቁጥሩ እኮ የሱ ነው!»

«ቁጥሩ የአንድ ኢትዮጵያዊ ነው። የእሱ ፓስፖርት ደግሞ የኡጋንዳ ነው። በፓስፖርቱ ስም ሦስት ዓመት ሙሉ ሰባራ ሳንቲም የከፈለ ሰው የለም!»

ኧረ በሕግ አምላክ! በየወሩ ከደመወዙ ግብሩን ቆርጬ የማስገባው እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ?

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እዚሁ ሚዛን አማን አንድ የቡና መቀሸሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። የሠራተኛው ደመወዝና ግብር በእጄ ነው የሚያልፈው። ኦኬሎ ደግሞ የማሽን መካኒካችን ነው።

ስሙም መልኩም የጋምቤላ ልጅ ስለሚያስመስለው የውጭ ዜጋ ነው ብትሉ ማንም አያምንም። የዚያን ቀን እንኳ የግብር ቢሮው በር ላይ ጥበቃው «ወንድሜ፣ የቀበሌ መታወቂያህን» ብሎት ፓስፖርት ሲያወጣለት «ይሄ ምንድነው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም...

የሥራ ፈቃዱ ዓርብ ያበቃል። ለማሳደስ ግብሩን መክፈሉን የሚያሳይ ክሊራንስ ያስፈልገዋል። ክሊራንስ ከሌለ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ደግሞ አገር ለቆ መውጣት ነው።

ሚስቱ ሆሳዕና የዚሁ አገር የሸኮ ልጅ ናት... የአሥራ አንድ ቀን አራስ!

ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

«ኦኬሎ፣ እውነቱን ንገረኝ። የማንን ቁጥር ነው ያመጣህብኝ?» ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት።

ዝም።

«የምጠየቀው እኮ እኔ ነኝ! እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው?»

አሁንም ዝም። በኋላ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው «ይቅርታ ረድኤት» አለኝ። (በቃ ስሜ ታወቀባችሁ፤ ምን ላድርግ!)

ጭራሽ ተናደድኩ። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ይላል እንዴ?

ሐሙስ ሆሳዕና ደወለችልኝ። ከስልኩ ውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«እህት ረድኤት... ልጄን ይዤ ልከተለው ነው ወይስ ትቶኝ ሊሄድ ነው? አንቺ ንገሪኝ። እሱ እንደሆነ ምንም አይለኝም።»

ምን ልበላት? እኔም ግራ ገብቶኛል!

ዓርብ ጠዋት ኦኬሎን ይዤ ተመለስኩ። «አቶ ካሣዬ፣ በእናትህ የዚያን ሰውዬ ስም አሳየኝ። የገባበት ገብቼ አመጣዋለሁ» ብዬ ለመንኩት።

እያቅማማ ስክሪኑን አዞረልኝ።

ኦኬሎ ዴኒስ ይትባረክ። ዜግነት፣ ኢትዮጵያዊ።

«በይ፣ ይሄን ይትባረክን ፈልጊው!» አለኝ።

ስሙን ደግሜ አነበብኩት...

ይትባረክ አያቴ ናቸው። የእኔ የራሴ አያት! የአባቴ የአስረስ አባት!

ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የግብር ቁጥር ማውጫ ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። «የአያት ስም» የሚለውን ባዶ ስተወው ኮምፒውተሩ አላሳልፍ አለኝ። ብጠይቀው «እኛ ጋ እንደዚህ አይደለም፤ ሁለቱም ስም የእኔ ነው» አለኝ።

ሰው እንዴት አያት አይኖረውም? ባዶ መተዉ ነውር መሰለኝ። የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር... አፌ ላይ የመጣልኝን ሞላሁና ላክሁት። ዜግነቱን ኮምፒውተሩ ራሱ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሞልቶት ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

«ኦኬሎ...» አልኩት፤ «ይትባረክ እኮ የእኔ አያት ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?!»

«ደመወዝ ወረቀት ላይ ስምሽ ሙሉ አለ። መጀመሪያ ወር አይቻለሁ።»

«ታዲያ ስጮህብህ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር አንቺ ሥራ ታጫለሽ። ልጆች አሉሽ።»

«እሺ... ሦስት ዓመት ሙሉስ?»

ትንሽ አፈረ መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ።

«እኔ የመሰለኝ... በእናንተ አገር እንግዳ ሲመጣ የተቀበለው ሰው አያቱን ይሰጠዋል። እኔ አያቴን አላየሁም። ደስ አለኝ። እናቴን ደውዬ 'ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ አገኘሁ' አልኳት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሕዝብ መሃል የሰደብኩት ሰው እህቱ አድርጎኝ ኖሯል።

እዚያው ወረቀት ለመንኩና «ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። መሥሪያ ቤቴም ማኅተም መታበት። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአሥር ቀን ደመወዝ ቅጣት ደረሰኝ። ይበለኝ!

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ክሊራንሱ ወጣ። የፈቃዱም ማመልከቻ ቀኑ ሳያልፍ ገባ።

አቶ ካሣዬ «ይትባረክ»ን ከመዝገቡ ሲሰርዝ ግን ኦኬሎ ማየት አልፈለገም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ...

ወገኖቼ፣ ከውጭ ዜጋ ጋር የምትሠሩ ሁሉ፣ ፎርም ላይ ያልገባችሁን ጠይቁ እንጂ ከራሳችሁ አትሙሉ። የግብር ወረቀት ላይ ያለውን ስም ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አንዳንዱ የእናንተን ጥፋት ተሸክሞ ነው ዝም የሚለው።

እስኪ እናንተ ፍረዱ... ቤታችሁ የአሥራ አንድ ቀን አራስ ተኝታ፣ ለሰደበቻችሁ ሴት እንጀራ ብላችሁ ዝም ትሉ ነበር? እውነቱን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።