የበጉ ፉርሽካ

ስኳራቸው በሦስት ወር ውስጥ ካልወረደ የኢንሱሊን መርፌ እንደሚጀምሩ ሐኪሙ ሲነግራቸው ወይዘሮዋ አልተቆጡም። የተቆጡት ቤት ገብተው ምራታቸው፣ «እማማ፣ ዳቦው ውስጥ ፉርሽካ ብንጨምርበት እኮ ለስኳር ጥሩ ነው» ስትላቸው ነው።

«አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው የከብት መኖ ልታበዪኝ ነው?» ለፋሲካ ወደሚቀለበው በግ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ፉርሽካ የእሱ ነው!»

ምራትየዋ ለበጉ ብላ በየወሩ አንድ ኬሻ ፉርሽካ ታስገባለች፤ ዳቦውን ደግሞ ከሠራተኛዋ ተቀብላ ራሷ መጋገር ጀመረች። እሳቸው ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ዳቦዋ ጉሮሮ ይቧጭራል። ምን ይደረግ፣ ሙያ ዩኒቨርሲቲ አይሰጥ» ይላሉ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ስኳሩ ወረደ፤ መርፌውም ቀረ።

«አየሽ?» አሏት ከሆስፒታሉ ሲወጡ። «እንደ ሰው በልቼ ነው። አንቺን ብሰማ ይሄኔ ባዕ እል ነበር።»

የፋሲካ ማለዳ አራጁ አጥንቱ ብቻ የቀረውን በግ ከጋጣው ጎትቶ አወጣው።

«እትዬ፣ ይሄ በግ ምን ሲበላ ነው የከረመው?»

«ፉርሽካ ነዋ! በየወሩ አንድ ኬሻ!» አሉ ወይዘሮዋ፣ የምራታቸውን ዳቦ እያላመጡ።