ጭረት ያልነካው ጥሩር

እሳት የሚተፋውን ዘንዶ እንድትገጥም ዕጣው የወጣባት ልጅ አንጥረኛው ዘንድ ገባች። ፊቱ በቃጠሎ ጠባሳ የተጨማደደው ሽማግሌ፣ ከአንገት እስከ ወገብ የሚሸፍኑ፣ በጀርባ በኩል የሚቆለፉ ሁለት ጥሩሮች ከግድግዳው አወረደላት። ሁለቱም ዘንዶው ዋሻ ደርሰው የመጡ ናቸው።

የመዳቡ ጥሩር ጎኑ ቀልጦ፣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። የአረብ ብረቱን ግን ከጥላሸት በቀር አንዲት ጭረት አልነካችውም። በጣቷ ብታንኳኳው እንደ ደወል ጮኸ። እቅፍ አድርጋ ያዘችው።

«እኔን ከሰማሽኝ መዳቡን ልበሺ፣ ልጄ» አላት።

ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ። «ሞት አፍ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ፣ አባባ። ደህናውን ለምን ይሰስቱብኛል?»

«መዳቡን ለብሼ የገባሁት እኔ ነበርኩ። ሲቀልጥ በቀዳዳው ሾልኬ አመለጥኩ። ይሄኛው ግን ይግላል እንጂ አይቀልጥም።»

«ማን ነበር የለበሰው?»

«ወንድሜ።»

ጥሩሩን ከእቅፏ ቀስ ብሎ ወሰደና ውስጡን ወደ ብርሃኑ አዞረላት። የቆዳው ገበር ከላይ እስከ ታች የጥፍር ጭረት ብቻ ነበር።