የሌላ ድመት ግልገል

ድመታችን ትንሿን ግልገል እንደገና በመዳፏ ገፋቻት። አልመታቻትም፤ ገፋ አደረገቻት ብቻ፣ የጠገበ ሰው ሳህኑን እንደሚገፋ። ግልገሏ በቅርጫቱ ጠርዝ ተንከባላ ታማር ጉልበት ላይ አረፈች።

«ሎ! አይ፣ አልፈለገቻትም» አለች ታማር። «አክስቴ፣ አልፈለገቻትም እኮ!»

«ትፈልጋታለች። ቆይ።»

በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጠናል። ድመቷን ማንም አላመጣትም፤ ከቆሻሻ ገንዳው ስር ወጥታ መጥታ ራሷን የቤቱ እመቤት አድርጋ የሾመች ናት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም እንዲሉ፣ አሁንም ከድስቴ ትሰርቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ልብስ ቅርጫቴ ውስጥ ሁለት ወለደች። ሦስተኛዋን ግን ትናንት ታማር ናት ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ በሹራቧ ጠቅልላ ያመጣቻት። እናቷን መኪና ገጭቷታል። ዓይኗ ገና አልተገለጠም፤ ወተት በጠብታ ብንሰጣት አትውጥም፤ ከጠዋት ጀምሮ ድምጿ እየቀጠነ ሄዷል። ዛሬ ካልጠባች ነገ የለችም። ታማር ጠይቃኝ ይህንኑ ነግሬያታለሁ፤ ልጅን መዋሸት አልወድም።

ነገር ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አላየሁም። ጎንደር ሳለን እናቱ የሞተችበትን ጥጃ፣ ጥጃዋ ለሞተባት ላም የማላምድ እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ሲያቅታቸው «ሐረጓን ጥሯት!» ይሉ ነበር። ጥጃውን ጨው መቀባት ነው። ላሟ ጨዉን እልሳለሁ ብላ ጥጃውን ትልሰዋለች፤ ከላሰችው በኋላ ደግሞ አትገፋውም።

«ጨው አምጪልኝ» አልኳት ታማርን፣ ለሥጋ የምናስቀምጠውን ሸካራውን።

ልጄ ኤስቲ በሩን ተደግፋ ታየናለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የማይታወቅ ነገር የለም። «ኢማ፣ ማ ዜ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ እንደ ልማዷ ዕብራይስጥ ቀላቅላ። «ድመት እኮ ናት። ፓራ መሰለችሽ?»

«ፓራም በያት ላም፣ ጡት ያለው ሁሉ አንድ ነው።»

ጨዉን በውኃ አርሼ ግልገሏን ጀርባዋን ቀባኋትና ከድመቷ አፍንጫ ስር አኖርኳት። ድመቷ አሸተተች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጠፈች። ከዚያ እንደ እባብ ተነፈሰችና ጥፍሯን መዝዛ ሰነዘረች። ታማር በእጇ ባትከልላት ኖሮ ግልገሏ አልቆላት ነበር፤ የልጅቷ አውራ ጣት ደማ።

ኤስቲ በሳቅ ፈረሰች። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ጎንደር ድመት ያላመደ ሰው የለ፣ ማን ይነግረኛል?

ታማር አልሳቀችም። «ካልተቀበለቻትስ?» አለች ቀስ ብላ። «የሌላ እኮ ናት። ከሌላ ቦታ ነው የመጣችው።»

ሳቄ እዚያው ቀረ። ታማር የእህቴ የባንች ልጅ ናት። እኔ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ቀድሜ ስወጣ ባንች ኋላ ቀረች፤ አዲስ አበባ ተራዋን ስትጠብቅ አረፈች። ታማር በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ሰዎቻችንን ጭኖ ባመጣው በዚያ በትልቁ አውሮፕላን ከጎረቤት ጋር መጣች፣ በስድስት ዓመቷ። ይኸው ሦስት ዓመት አብራን ስትኖር፣ ዛሬም ካልሰጧት ዳቦ አታነሳም። አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው።

«ስሚ» አልኳት፣ «ላሟ በጨው እምቢ ካለች ሌላ ዘዴ አለ። የራሷን ልጅ ጠረን ማልበስ ነው።»

ግልገሏን ለብ ባለ ውኃ አጥቤ አደረቅኋት። ከሁለቱ ግልገሎች ስር ያለውን ጨርቅ ጎትቼ አወጣሁ፤ በወተት የራሰ የኤስቲ አሮጌ ሸሚዝ ነው። ግልገሏን ከራሷ እስከ ጭራዋ በእሱ አሸኋትና በሁለቱ መሃል ሸጎጥኳት። «እጅሽን አንሺ» አልኳት ታማርን። እጇን አነሳች።

ድመቷ አሸተተች። ቆየች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ አንዴ ግንባሯን ላሰቻት፤ ቀጥላ ጀርባዋን፣ ጠጉሯን ወደ ላይ እየገለበጠች። ግልገሏ እየተንፏቀቀች ሄዳ ጡቱን አገኘች። ስትጠባ ድምጿ ይሰማ ነበር።

«ይኸውልሽ!» አልኩ፣ ጨው የሚባል ነገር በእጄ ያልነካሁ ይመስል።

ታማር ዓይኗን ከቅርጫቱ ሳታነሳ «እኔም ስመጣ የኤስቲን ልብስ ነው ያለበስሽኝ» አለች።

ኤስቲ ቀና ብላ አየችኝ።

«በርዶሽ ነበር» አልኩ። «ለኤስቲ ድሮ የጠበባት ነበረ፤ አለበስኩሽ።»

«ታዲያ እኔን በምን ለመድሽኝ?»

«አንቺን ምን ማላመድ ያስፈልግሻል? ያሳረፏችሁ ሆቴል በር ላይ አቅፌ አንገትሽን አሸተትኩሽ። ባንች ባንች ትሸቺ ነበር። በቃ፣ እዚያው አለቀልኝ።»

በጉልበቷ ተንፏቃ መጣችና የሹራቧን አንገት በጣቷ ወደ ታች ስባ አስጠጋችልኝ። «አሁንስ?»

አፍንጫዬን አንገቷ ውስጥ ቀበርኩ። የልብስ ሳሙናችን አለ። ትናንት የሠራሁት ወጥ ሽንኩርት አለ። ሳታስፈቅድ የተቀባችው የኤስቲ የጠጉር ቅባት አለ። ባንችን ፈለግኋት፤ የለችም። ልጅቷ የምትሸተው እንደ ኤስቲ ነው፣ እንደ እኔ፣ እንደዚህ ቤት። እህቴ አሳዘነችኝ፣ እንባዬም መጣ፤ ደስታዬን ግን ከማንም አልደብቅም።

«እ?» አለች ታማር።

«ድመት ድመት ትሸቻለሽ፤ ሂጂ ታጠቢ» አልኳት፤ ክንዴ ግን አለቅም ብሎ እንደያዛት ነው።