ተተኪ

ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ወታደሩ ያኢር ከባሲስ፣ ከጦር ሰፈሩ፣ ቂርያት ጋት ወዳለው ቤታቸው መጣ። እናቱን ዘሪቱን ስሞ በቀጥታ ወደ በረንዳው ወጣና ቁልቁል የአውቶቡሱን መንገድ እያየ ተገትሮ ቀረ። ምሳ ቢቀርብም አልገባም።

አባቱ ደምለው ሊጠራው ወጣ። «ምነው ልጄ፣ አትበላም?»

«ተተኪዬ ሳይመጣ እንዴት ብዬ፣ አባባ?»

ደምለው ሳቀ። «እቤትህ ነህ፤ ደግሞ የምን ዘብ ነው?»

«ዛሬ ማለዳ ለሽሚራ ተራዬ ስወጣ፣ ዘብ የምቆምበት ቦታ ላይ አንድ ሰው አገኘሁ። የደንብ ልብሱ የእኛ አይደለም። በአማርኛ ‹የደምለው ልጅ ነህ?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። ‹አባትህ አሁን መጣሁ፣ እተካሃለሁ ብሎኝ ነበር። አንተም ከመጣህ ይሁን› ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ተረኛው መጥቶ እስኪተካኝ እግሬ አልላወስ አለኝ፤ እዚህም እንደቆምኩ ያው ሆነብኝ።»

የደምለው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ከሰሜን ጦር ግንባር የከዳ ዕለት፣ ዘብ ላይ ላስቀረው ጓዱ ያላትን ያቺን ቃል እንኳን ለልጁ ለዘሪቱም ተንፍሶ አያውቅም።



ደምለው አጠገቡ ሄደና እንደ ድሮው ተረከዙን አጋጥሞ ቆመ። «ግባ። ተክቼሃለሁ።»

ያኢር እፎይ ብሎ ገባ፤ ወንበር ሲስብ ተሰማ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!» አለች ዘሪቱ ከውስጥ።

ደምለው እግሩን ሊያነሳ ሞከረ። እምቢ አለው።

«አሁን መጣሁ» አላት።