ከአሥር ብር ሁለቱ የእኔ ነው

«በምን ነው ያጠብሽው?»

ጋሼ ጂብሪል ጠገራ ብሩን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው እያዩ ነው የጠየቁት።

«በሎሚና በአመድ…» አለች ተሻለች፣ ኮራ ብላ።

ሽማግሌው ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ እሷ መልሰው ገፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው…

ዘመኑ ደርግ፣ ዓመቱ 1975። ከተማው ናዝሬት።

ተሻለች ልብስ ሰፊ ናት። የራሷ መኪና ግን የላትም። በሰው መኪና እየሰፋች የምታገኘውን ግማሽ ለባለመኪናው ትሰጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በቀሪው ግማሽ ነው።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። ከእንግዲህ ጨርቅ የሚታደለው ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር አባላት ብቻ ነው ተባለ።

አባል ለመሆን ደግሞ የራስ መኪና ያስፈልጋል። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል።

ሁሩታ ያለች አንዲት ሴት አሮጌ የስፌት መኪናዋን በ180 ብር ልትሸጥላት ተስማማች።

ተሻለች ያላት እናቷ በጨርቅ ቋጥረው የተዉላት ዘጠኝ ጠገራ ብር ነው። ሌላ ምንም የላትም።

መጀመሪያ የሄደችው የሰፈሩ ሀብታም አቶ አስፋው ጋ ነበር። (አንቱ ያላልኩት ረስቼ አይደለም… ትደርሱበታላችሁ።)

«ጂብሪል ጋ እንዳትሄጂ» አላት። «ከአሥር ብር ሁለቱን ይቆርጥብሻል። ያውም ገንዘቡን የምታገኚው ገዢ ሲመጣ ነው። እኔ ከእህቴ ኮሚሽን አልበላም። አሁኑኑ፣ እጅ በእጅ።»

«አንዱን በስንት ጋሼ?»

«በአሥራ ሁለት ብር። ጠቁረዋል እኮ… አርጅተዋል። ላንቺ ብዬ ነው።»

የዘጠኙ ዋጋ በድምሩ መቶ ስምንት ብር መጣ። ለመኪናው አይበቃም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተስፋ ቆርጦ ይሸጥ ነበር። እሷ ግን «ከጠቆሩማ አነጣቸዋለሁ» አለች።

ገበያ የሚወጣ ዕቃ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ነው የሚወጣው። እናቶቻችን ያስተማሩን ይህንን አይደል?

ሎሚ ገዛች። ከምድጃ አመድ ዛቀች። ጣቷ እስኪላጥ ፈተገች… አምስቱ ቦግ አሉ። ከዚያ ሎሚው አለቀባት።

በማግስቱ አምስቱን ይዛ፣ አሮጌ ዕቃ ወደሚነግዱት ወደ ጋሼ ጂብሪል ሱቅ ሄደች።

«አካም ጂርታ ልጄ» ብለው ተቀበሏት። ከዚያ ነው ያ «በምን ነው ያጠብሽው?» የመጣው።

«አንጥረኛ በሚዛን ገዝቶ ያቀልጠዋል፤ ቢያበራም ባያበራም ግድ የለውም» አሏት። «አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ግን የሚከፍለው ለእርጅናው ነው። ያ ጥቁሩ ዕድሜው ነበር። አንቺ ፍቀሽ ጣልሽው።»

ተሻለች የተላጡ ጣቶቿን አየች። የገዛ እጇ ነው ያጠፋው… ከዚህ በላይ ምን ያናድዳል?

«ሌላ አለሽ?»

«አራት ቀርተዋል። ዛሬ ማታ ላጥባቸው ነበር…»

«እንዳትነኪያቸው።»

ከዚያ ጋሼ ጂብሪል ፈገግም ሳይሉ ውላቸውን ነገሯት።

«ከሸጥኩት፣ ከአሥር ብር ሁለቱ የእኔ ነው። ካልሸጥኩት ምንም አልወስድም። ቅዳሜ የሚመጣ ገዢ አለ፤ አንቺም ነይና ሲከፍል በዓይንሽ እዪ። የታጠቡትን አንጥረኛ ጋ ውሰጂ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብር ያወጣሉ። እሱ ላይ እኔ የለሁበትም።»

«ከአሥር ሁለት አይበዛም?»

«ሊበዛ ይችላል። ግን ቀድመሽ አውቀሽዋል።»

ተሻለች አሰበች። ገዢው ቢቀርስ? ሰኞ አይጠብቃትም። አቶ አስፋው ደግሞ ጥሬ ብር ይዞ ተቀምጧል…

ግን መቶ ስምንት ብር መኪና አይገዛም። ጥርሷን ነክሳ ተስማማች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ተከናንባ።

ገዢው ገባ…

አቶ አስፋው ነው።

ጥግ ላይ ያለችውን ሴት ዞር ብሎም አላያት። አራቱን ጠገራ አንድ በአንድ አገላበጠ፣ ዓይኑ በራ።

«አልታጠቡም፣ ጎሽ። ላንጋኖ ለሽርሽር የሚመጡት ፈረንጆች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው።»

«አንዱ ስልሳ» አሉ ጋሼ ጂብሪል።

«ሃምሳ።»

በሃምሳ አምስት ተስማሙ። አቶ አስፋው ሁለት መቶ ሃያ ብር ጠረጴዛው ላይ ቆጠረ።

ተሻለች ነጠላዋን ገለጠች።

«ጋሼ አስፋው፣ እንደምን ዋሉ?»

ሰውየው የሚገባበት ጠፋው።

«ለእኔ አሥራ ሁለት ብለውኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ኮሚሽን አይበሉም። ታዲያ ከአንዱ ላይ የሚተርፈውን አርባ ሦስት ብር ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

አቶ አስፋው ጠገራዎቹን ኪሱ ከቶ ወጣ።

አሁን «ጋሼ ጂብሪል አዝነውላት ኮሚሽኑን ተዉላት» እንድላችሁ እየጠበቃችሁ ይሆናል…

አልተዉም። አርባ አራት ብራቸውን ቆጥረው ወሰዱ።

ተሻለችም «ይገባዎታል» አለች፣ ከልቧ።

መቶ ሰባ ስድስት ብር ከእሳቸው፣ ስልሳ ብር ከአንጥረኛው። እሑድ ሁሩታ ደርሳ መጣች። ሰኞ ጠዋት ማኅበሩ በር ላይ የራሷን መኪና አጠገቧ አስቀምጣ ተሰለፈች… ስሟም ተጻፈ።

ወዳጆቼ፣ ድርሻውን ፊት ለፊት የሚነግራችሁን ሰው «ስግብግብ» ለማለት አትቸኩሉ። «ካንተ ምንም አልፈልግም» የሚላችሁን ግን ደግማችሁ ጠይቁት። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የተባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። እኔ በበኩሌ ቆርጦ የሚነግረኝን እመርጣለሁ፣ ቢያመኝም።

እናንተስ… ሰኞ እንዲህ እየገፋችሁ ቢሆን ኖሮ የአስፋውን ጥሬ ብር ትቀበሉ ነበር ወይስ ቅዳሜን ትጠብቁ ነበር? «ላንተ ብዬ ነው» ተብሎ የተሸወደም ካለ፣ አይፈር፣ ከታች ይጻፍልን።