“ዶልፊን!” ብለው የጮኹት ሽማግሌ

“ልቀቀኝ እንጂ ሙዓዊያ!”

“አልለቅሽም!”

“ኧረ በአላህ... ውሃው እኮ እስከ ወገብ ነው!”

“እስከ ወገብም ይሁን እስከ ቁርጭምጭሚት... አልለቅሽም አልኩ!”

ነጅላ ማዕበል ላይ በሚንሸራተቱበት የሰርፍ ጣውላ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ባሏ ሙዓዊያ ደግሞ የጣውላውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

ማዕበል ይመጣል... እሷ ልትነሳ ትሞክራለች... እሱ ይጎትታል... ሁለቱም የጨው ውሃ ይጠጣሉ።

ቦታው የኬንያ ባህር ዳርቻ ነው። ሰዎቹ ግን የእኛው ሰፈር፣ የቱሉ ዲምቱ ልጆች ናቸው።

እንዴት እዚያ ደረሱ አትሉም?

ሙዓዊያ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ነጅላ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ሥር የጨርቅ ሱቅ ነበራት።

“ነበራት” ያልኩት ወድጄ አይደለም...

አንድ ቀን ሐኪም “የዓይንሽ ብርሃን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አታቆዪው” አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙዓዊያ እጇን ይዞ ቀረ።

ደረጃ ስትወርድ ይይዛታል... አስፋልት ስትሻገር ይይዛታል... በመጨረሻ “ትወድቂብኛለሽ” ብሎ ሱቋን አዘጋት።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ፍቅር ነው... ፍርሃት የገባበት ፍቅር።

ነጅላ ብዙም አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

ስልኳ ላይ ስታየው የኖረችውን ነገር... ሰዎች ጣውላ ላይ ቆመው በማዕበል ሲንሸራተቱ...

“ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ እንኳ ባህር ላይ ልቁም” አለችው።

እህቱ ዘኪያ ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች።

“ሰው ሲሞላለት ዑምራ ይሄዳል... እናንተ ውሃ ልትንቦጫረቁ ነው ሞያሌን የምትሻገሩት?”

ሄዱ!

የሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች ነቅለው ፍራሽ አነጠፉ። በሶና ዳቦ ቆሎ ጫኑ። ሆቴል የለ፣ ሬስቶራንት የለ... መኪናው ውስጥ እያደሩ፣ በሶ እየበጠበጡ፣ ባህሩን ዳር ዳሩን ይዘው ወረዱ።

ባህሩን መጀመሪያ ያዩት ለት ሙዓዊያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

“ሱብሃነላህ... ዳር እኮ የለውም!” አለ።

“ዳሩ ምን ያደርግልኛል?” አለች ነጅላ እየሳቀች። “ለእኔ መሃሉ ይበቃኛል።”

እዚያው ዳርቻ ላይ ባካሪ ከሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር ተዋወቁ። በሶ አቀመሷቸው። እሳቸው ደግሞ ያረጀ የሰርፍ ጣውላ በነፃ አዋሷቸው። ነጅላ ወዲያው “ጋሽ ባካሪ” አለቻቸው።

መግባቢያቸው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው።

“ዶልፊን አይታችሁ ታውቃላችሁ?” ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

ሙዓዊያ ደረቱን ነፋ። “ማየት ብቻ? የራሴ አለኝ! እኔው ነኝ የምነዳው!”

“ትነዳዋለህ?!”

“አዎና! ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ጢም አድርጌ እጭንበታለሁ!”

ጋሽ ባካሪ አንዴ ባህሩን፣ አንዴ ሙዓዊያን ያያሉ።

ነጅላ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸው ያሉት ባህር ውስጥ የሚዘለውን እንስሳ ነው... አዲስ አበባ ውስጥ ግን “ዶልፊን” ማለት ያቺ የምናውቃት ሚኒባስ ናት። ስታስረዳቸው ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በሉ ወደ ውሃው እንመለስ...

ነጅላ ለቀናት ሞከረች። ልትቆም ስትል ጣውላው ይያዛል... ትወድቃለች። ልትቆም ስትል ይያዛል... ትወድቃለች።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ... በማግስቱ ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ነው።

“በቃ” አለች። ጣውላው ላይ እንደተኛች ታለቅሳለች። “ዓይኔን አላህ ወሰደው... እግሬን አንተ ወሰድከው። እንውጣ።”

የሙዓዊያ እጅ ግን አሁንም አልለቀቀም።

ይህን ጊዜ አጠገባቸው ቆመው የነበሩት ጋሽ ባካሪ ወደ ዳርቻው እያመለከቱ ጮኹ።

“ዶልፊን! ሙዓዊያ... ዶልፊን! ዶልፊን!”

የሾፌር ልብ ቀጥ አለች።

መኪናዬ!... የእጅ ፍሬኑን ሳልይዘው ቀርቼ ነው?... ሌባ ነው?

ጣውላውን ለቀቀና ውሃውን እየሰነጠቀ ሮጠ...

መኪናዋ ካቆማት ቦታ ስንዝር አልተነቃነቀችም።

ተናዶ ዞረ። ሊሳደብ አፉን ከፈተ... አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ነጅላ ቆማለች!

በሁለት እግሯ... እጆቿን ዘርግታ... ማንም ሳይይዛት። ማዕበሉ ከሥሯ አረፋ እየደፈቀ ወደ ዳር ይዟት ይመጣል። ዓይኗን ፊት ለፊት ተክላ እልል ትላለች።

ደረጃ ብቻዋን አትወርድም ያላት ሴት... ባህር እየጋለበች ነው!

ሙዓዊያ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። “ያ ረቢ... ያ ረቢ...” አለ።

ጋሽ ባካሪ ከውሃው ቀስ ብለው ወጡ።

“የታለ ዶልፊኑ?” አላቸው።

በጣታቸው ነጅላን አሳዩት።

“ያቻትና!”

ለካ ሆን ብለው ነው! እጁን የሚያስለቅቀው ሌላ ነገር እንደሌለ ገብቷቸዋል።

“ልጄ” አሉት ትከሻውን መታ አድርገው፣ “ሰሞኑን ሙሉ ሲጥላት የነበረው ማዕበሉ አይደለም... አንተ ነህ።”

ዛሬ ነጅላ ቱሉ ዲምቱ ሱቋን መልሳ ከፍታለች። ዓይኗ አልዳነም። ግን በየጠዋቱ ግድግዳውን ዳበስ እያደረገች ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች። ሙዓዊያ ከኋላዋ ነው... እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ ዱዓ እያደረገ።

ወዳጆቼ... የምንወደውን ሰው አጥብቀን ስንይዝ የደገፍነው ይመስለናል። አንዳንዴ ግን እንዳይቆም ያደረግነው እኛው ነን። መውደቅ ያማል... መቆም እየቻሉ ተይዞ መኖር ግን ይብሳል።

እስቲ በእውነት መልሱልኝ... “ይወድቅብኛል” ብላችሁ እስከ ዛሬ ያልለቀቃችሁት ሰው ማን ነው? ልጃችሁ? ሚስታችሁ? እናታችሁ?

ወይስ የተያዛችሁት እናንተ ናችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።