ጫፍ የሌለው ቢላ

«ፍጭጭ... ፍጭጭ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ይህን ድምፅ ሲጠብቅ ነው የሰነበተው፤ ቢላ ሞራጁ ሰፈር ገብቷል ማለት ነው። እናቱ ከጓዳ ሳትወጣ፣ አልጋው ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ የደበቀውን ነገር አነሳና በጓሮ በር ሹልክ አለ።

ሞራጁ በእግሩ የሚያሽከረክረውን ድንጋይ አቁሞ ጨርቁን ገለጠ። ቢላው ረጅም ነው፤ ጫፉ ግን በመጋዝ እንደተቆረጠ ሳንቃ ደልደል ብሎ ያልቃል።

«ይሄ ቢላ ነው ወይስ ማስመሪያ?»

«የአያቴ ነው። ጣራው ሥር ካለው ሳጥን ነው ያገኘሁት።»

«ሰው ወግተው እንዳይታሰሩ ፈርተው ይሆናል። በል፣ ጫፍ ላውጣለት።»

ልጁ የሞራጁን እጅ ለቀም አደረገው። «ጫፉን እንዳትነካው። ስለቱን ብቻ።»

ስለ አያቱ የሚያውቀው ከጎረቤት አፍ የለቀመውን ነው። አራጅ ነበሩ፤ ከሩቅ የመጡ አይሁዳዊ ናቸው ይባላል። እናቱን በጠየቀ ቁጥር መልሷ አንድ ነው፦ «አባቴ ሰው ነበር። ብላና ተነስ።» በቅርቡ ደግሞ የአይሁድ አራጅ ቢላ ጫፍ እንደሌለው፣ የተሸረፈ ቦታ እንዳይኖረውም በጥፍር እንደሚፈተን አንብቦ እንቅልፍ አጥቷል። የማን ዘር እንደሆነ የሚነግረው ይሄ ብረት ብቻ ነው። ሹል ከወጣለት ግን ያው የማንም ቢላ ይሆናል።

ድንጋዩ ዞረ፤ ፍንጣሪው ተረጨ። ሞራጁ ሲጨርስ የገዛ ክንዱን ፀጉር ላጭቶበት ኮራ አለ።

ይሄኔ የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። እናቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ሁለት የወጥ ቤት ቢላ ይዛ ወጣች። የሞራጁን ድምፅ እሷም ሰምታ ኖሯል።

ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ቁጣዋን ጠበቀ። እሷ ግን ቢላዎቿን መሬት አስቀምጣ እጇን ዘረጋች።

ረጅሙን ቢላ ተቀብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የአውራ ጣቷን ጥፍር በስለቱ ላይ ወሰደችው፤ ከእጀታው እስከ መጨረሻው፣ ከመጨረሻው እስከ እጀታው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታሾልክ እንኳ እንዲህ ትንፋሿን ውጣ አታውቅም። መሃል ላይ ጥፍሯ ቆመ።

«እዚህ ጋ ይይዛል» አለች። «እንደገና።»

«እትዬ፣ ፀጉር እኮ ላጨ። ሽንኩርቱ ምን ያማርጣል?»

«እንደገና አልኩህ፣ ወንድሜ።»

እያጉረመረመ ደገመው። እሷም ደገመች፤ በአንዱ ጎን፣ በሌላው ጎን። አሁን ጥፍሯ የትም አልቆመም። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ሲንቀሳቀስ ልጁ አየ።

«እማዬ፣ ማን አስተማረሽ?»

ቢላውን በሽርጧ ጠርጋ እጀታውን በግራ እጁ አስያዘችው። የቀኝ አውራ ጣቱን ሳብ አድርጋ ጥፍሩን ስለቱ መጀመሪያ ላይ አኖረችለት፤ ትንሽ ጋደል አድርጋም አስተካከለችው።

ከዚያ ሁለቱን ደነዝ ቢላዎቿን መሬት ላይ እንደተጋደሙ ትታ ወደ ቤት ገባች።